ከምስማሩ ያልወረደው ሽርጥ

«ኢንስፔክተር፣ የሚያደክም ነገር አይደለም» አለ ሳጅን ምስጋናው በስልክ። «ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ቆዳ ቤት ውስጥ አንድ ሠራተኛ ማጠቢያው ከበሮ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። መካኒኩ እንደሚለው የተጣበቀ ቆዳ ሊያላቅቅ ገብቶ ነው። ከበሮውን ያስነሳችው ሴት ደግሞ ‹ገደልኩት› እያለች ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቃሏን አስፈርሜ ፍርድ ቤት አቀርባታለሁ። እርስዎ ብቅ ብለው አይተው ቢመለሱ ይበቃል።»

ምስጋናው ነገር ቶሎ ሲያልቅ ደስ የሚለው ሰው ነው። ምሳውንም ምርመራውንም በአንድ ፍጥነት ነው የሚጨርሰው። ኢንስፔክተር ሰርክአዲስ ምህረቴ ግን ከንግግሩ ሁሉ ጆሮዋ ላይ የቀረው «ቆዳ ቤት» የሚለው ነበር። በሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስነት ዘመኗ ከነፍሰ ገዳይም ከሽፍታም ሸሽታ አታውቅም፤ ከቆዳ ግን ስትሸሽ ነው የኖረችው። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እንጅባራ ውስጥ አልነበረም። ባጃጅ ጠርታ ተሳፈረች።

ግቢው በቀርከሃ የታጠረ ነው። የቆዳ ቤቱ ባለቤት አቶ መሳፍንት ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ በሩ ላይ ጠበቋት። ስድሳን ያለፉ፣ ሰው ሲተዋወቁ ከስሙ በፊት ዘሩን የሚያስቀድሙ ሰው ናቸው።

«እንደምን አረፈድሽ ልጄ። የማን ልጅ ነሽ?»

«የመንግሥት» አለችና አለፈች።

ቀድሟት ደርሶ አጠገባቸው የቆመው ሳጅን ምስጋናው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ይህንን መልስ ለስንተኛ ጊዜ እንደሰጠች ቁጥሩ ጠፍቶባታል።

ከበሮው አንድ ክፍል የሚያህል የእንጨት በርሜል ነው። በጎኑ ተጋድሞ በሁለት ምሰሶ ላይ ተቀምጧል፤ ወገቡ ላይ ሰው የሚያስገባ መዝጊያ አለው፤ ከውስጥ ዙሪያውን ወፋፍራም የእንጨት ጥርሶች ተተክለውበታል። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ሞተር በቺንጋ ሲያዞረው፣ በጨው የተቀመጠ ቆዳ በውሃው ውስጥ እየተነሣና እየወደቀ ደሙን፣ ጨውንና እድፉን ይለቃል። ሰው ውስጡ እያለ ከተነሣ ግን ሰውና ቆዳ አይለይም።

ሟቹ ትዕዛዙ ኪዳኑ ይባላል። ዕድሜው ሃምሳ ስምንት፤ አስራ አንድ ዓመት ከበሮውን ያሠራ ሰው ነው። ከመዝጊያው አጠገብ ላስቲክ ላይ አስተኝተውታል። የሆስፒታሉ መኪና ገና አልደረሰም። ሰርክአዲስ ተቀምጣ አየችው። የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ተሰንጥቋል። ክንዱና ጉልበቱ ተልጧል፤ ግን አልደማም። የግራ እጁ ሦስት ጣት የለውም፤ ጠባሳው የድሮ ነው።

«ይህን ጣት ዛሬ አይደለም ያጣው» አለች።

«ከብዙ ዓመት በፊት ቺንጋ ቆርጦበት ነው አሉ።»

«ከበሮው ስንት ደቂቃ ዞረ?»

«ሁለት አይሞላም። የከበደ ነገር ሲንኳኳ ሰምታ አጠፋችው።»

በባትሪ ወደ ውስጥ አበራች። ውሃው ደፍርሷል እንጂ አልቀላም። እንዲህ ራሱ የተሰነጠቀ ሰው እዚያ ውስጥ ቢሞት ኖሮ ውሃው ይናገር ነበር። ከሟቹ ጋር የወጡት ሦስት የበግ ቆዳዎች ወለሉ ላይ ተጥለዋል። ሁለቱ ተዘርግተዋል። ሦስተኛው ግን ተጠቅልሎ፣ በራሱ የኋላ እግር ቆዳ ተቋጥሯል።

ሰርክአዲስ ቋጠሮውን አወቀችው። እጇ ሳታዘው ሄደና የእግሩን ጫፍ ይዞ በአንዴ ሳበው። ጥቅሉ ተፈታ።

«እንዴ! እኔ እኮ ከጠዋት ጀምሮ ስታገለው ነበር» አለ ሳጅኑ።

«ዕድል ነው» አለች። ከጥቅሉ መሐል ጨው አገኘች፤ ያልሟሟ፣ ደረቅ፣ በጣት የሚቆጠር ጨው። ቆዳው ውሃ ውስጥ ብዙ አልቆየም ማለት ነው።

ከሟቹ የደረት ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ወጣ። ሰባት ስም ተጽፎበታል፤ ሌላ ምንም የለበትም። የመጀመሪያው ስም ሸጋ ነው። ሁለተኛው ኪዳኑ።

«የዕቁብ ስም ዝርዝር ይሆናል» አለ ሳጅኑ።

«ሰባት ሰው?» አለችና ወረቀቱን ያዘችው።

እናትነሽ የምትባለው ሠራተኛ አጥሩ ሥር ተቀምጣለች። ቀኝ እጇን ብብቷ ሥር ወትፋ በግራዋ ጨምድዳ ይዛዋለች። ሳጅኑ ያቀረበላት ውሃ ፊቷ እንዳለ ነው።

«ውሃውን ጠጪ እንጂ እናቴ» አለች ሰርክአዲስ አጠገቧ ቁጭ ብላ።

«በዚህ እጄ? ጋሼ ትዕዛዙን በገደልኩበት?»

«ከማብራትሽ በፊት ምን አየሽ?»

«ምስማሩን። ሁልጊዜ ምስማሩን ነው የማየው።»

«የምን ምስማር?»

እናትነሽ በአገጯ ወደ ከበሮው በር ጠቆመች። ከማብሪያው በላይ ባለ ምስማር አንድ የቆዳ ሽርጥ ተንጠልጥሏል።

«ሽርጡ ከምስማሩ ከወረደ እሱ ከበሮው ውስጥ ነው ማለት ነው፤ ማብሪያውን አልነካም። ከተሰቀለ ወጥቷል ማለት ነው። አስራ አንድ ዓመት እንዲህ ነው የሠራን። ዛሬም አየሁ፣ ተሰቅሏል፣ አበራሁ። ታዲያ እንዴት ውስጥ ሆነ? አምላኬ ዓይኔን ያዘብኝ መሰለኝ።»

«ሽርጡን ሳይለብስ ቢገባስ?»

«አይገባም። የውስጡ ጥርስ ሆዱን ይልጠዋል። ደግሞ ብቻውን አያስረውም፤ ጣት የለውማ። ጠዋት ስመጣ ጀርባውን ይሰጠኛል፤ አስርለታለሁ። ‹አጥብቂው› ይለኛል ሁልጊዜ። ከዚያ ነው ሥራ የሚጀመረው።» አለቀሰች። «ዛሬ አላሰርኩለትም።»

«ይህን ለሳጅኑ ነግረሽዋል?»

«ስለ ሽርጥ ማን ጠየቀኝ? ያበራሽው አንቺ ነሽ ወይ አለኝ፤ አዎ አልኩት።»

ሰርክአዲስ ሳጅኑን ቀና ብላ አየችው። ሳጅኑ ደብተሩን ማገላበጥ ጀመረ።

«ዛሬ ምን ቆዳ ሊታጠብ ነበር?»

«ኧረ ምንም! ሁዳዴ አይደለም እንዴ? ከቅበላ ወዲህ የታረደ በግ የለም። በጾም ከበሮው ውሃ ብቻ ነው የሚጠጣው። እንጨት ነው፤ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ጠዋት ጠዋት ትንሽ አዞረዋለሁ። መጋዘን ያለው የቅበላው ቆዳ ሌላ ሥራ እስኪመጣ በጨው ተዘርግቶ የተቀመጠ ነው።»

«ከመጋዘን እዚህ ድረስ በምን ታመጡታላችሁ?»

«በጋሪ። እኔ እገፋለሁ፣ እሱ ያወርዳል።»

«ይህንስ ጽሕፈት ታውቂዋለሽ?» ወረቀቱን አሳየቻት።

«የእኔ ነው። ዓርብ አጻፈኝ፤ እሱ ፊደል አልቆጠረም። የእህቱ ልጅ ሊያገባ ነው መሰለኝ። ትሄዳለህ ወይ ብለው፣ ‹አልተጠራሁም፤ ሩቅ ቆሜ እልልታውን እሰማለሁ› አለኝ። የማን ሠርግ እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

ዘበኛው ጋሼ ደሴ ማን መቼ እንደገባ በጣቱ ቆጠረ። «በሩን አስራ ሁለት ሰዓት ከፈትኩ። ትዕዛዙ አስራ ሁለት ተኩል ገባ። ደረሰ የሚባለው መካኒክ አንድ ሰዓት ገባ። አቶ መሳፍንት አንድ ተኩል። እናትነሽ ልክ ሁለት ሰዓት ገብታ ወዲያው ነው የጮኸችው። ሌላ ነፍስ አልገባም፤ አጥሩም አልተነካም።»

«ከትዕዛዙ ጋር የተጣላ ሰው አለ?»

«ቅዳሜ ዕለት አቶ መሳፍንት ጮኸውበታል። ይህን የእንጨት ከበሮ ጥለው የብረት ሊያመጡ ነው፤ እሱ እምቢ አለ። ደረሰስ… እሱ ሰው አይጣላም። ብቻ ከትዕዛዙ ጋር ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም ነበር። ትዕዛዙ ደግሞ ልጁ ሲያልፍ ከኋላው ቆሞ ያየዋል። ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቅ።»

አቶ መሳፍንት ስለ ጠቡ አልካዱም። ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ቢሯቸው ተቀምጠው ከልጃቸው ከሃና ጋር ስለ ሠርግ በስልክ ሲያወሩ ነበር። «ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ነው። በመጪው እሁድ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሰባት ቤት ይቆጠራል። ዝምድና ቢኖርስ? ዘሩን ሳላውቅ ልጄን አልሰጥም። ሙሽራው ደረሰ ነው፤ መካኒኬ። ወላጆቹ የጫግኒ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ሁለቱም አልፈዋል። የአባቱን ወገን አንድ አጎቱ ነኝ ያለ ቆጠረልን፤ የእናቱን ልጁ ራሱ አጥንቶ ይመጣል።»

«ትዕዛዙስ ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«ጎበዝ ፋቂ ነበር። አከብረዋለሁ። ማዕዴ ላይ ግን አስቀምጬው አላውቅም። የአባት ወግ ነው፤ ምን ይደረግ።»

በቆዳ ቤት ሠርቶ፣ በቆዳ ከብሮ፣ ቆዳ ፋቂን መናቅ! ሰርክአዲስ መልሱን በልቧ ይዛ ወደ ሞተሩ ክፍል አመራች። አርባ ዓመት የተለማመደችው ዝምታ ነው።

መካኒኩ ደረሰ ሞተሩ ክፍል ውስጥ መሣሪያዎቹን ሲያደራጅ አገኘችው። ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ረጋ ያለ፣ ልብሱ ንጹሕ የሆነ ወጣት ነው። እዚህ ከመጣ ስድስት ወሩ ነው።

«ጋሼ ትዕዛዙን ዛሬ አግኝተኸው ነበር?»

«አላየሁትም። እኔ ከዚህ ክፍል ብዙ አልወጣም።»

«ቆዳ ሲታጠብ አትረዳም?»

«እኔ? ቆዳ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ሽታውንም አልችለውም። የሞተር ሰው ነኝ።»

«እናትህ ማን ይባላሉ?»

«ሞታለች።»

«ስማቸው?»

ለአንድ አፍታ ሞተሩን አየ። «ዮዲት» አለ።

የእናቱን ስም ለማስታወስ ሞተር የሚያይ ሰው አጋጥሟት አያውቅም። መደርደሪያው ላይ የመፍቻ ዓይነት ተሰልፏል፤ ሁሉም ግራሶ የጠጣ ነው። ትልቁ መፍቻ ብቻ ታጥቦ ያብለጨልጫል። ሰርክአዲስ አይታው እንዳላየች ወጣች።

ከአጥሩ ውጪ ብቻዋን ቆመች። ሳጅኑ ዘጠኝ ሰዓትን ይጠብቃል። ስለ ሽርጡ የሚያውቀው ሟቹና ተከሳሿ ብቻ ናቸው፤ የተከሳሽን ቃል ደግሞ ማን ያምናል? እናትነሽን የሚያድናት ያ ቋጠሮ ነው። ቋጠሮውን ለማስረዳት ግን ከየት እንዳወቀችው መናገር አለባት። በስምንት ዓመቷ የአባቷን እጅ እያየች የተማረችው ነው። ትምህርት ቤት ልጆቹ ውሃ በኩባያቸው አያጠጧትም ነበር። ፖሊስ ስትሆን «የገበሬ ልጅ ነኝ» አለች፤ አባቷም ይህን ሰምቶ፣ ለምረቃዋ ሳይመጣ ቀረ። ሲሞት ለቅሶውን ተደብቃ ነው የተቀመጠችው። አሁን አፈረች፤ በአባቷ ሳይሆን በራሷ አፈረች። የምትይዘውም ሰው ከእሷ ብዙ እንደማይለይ ገብቷታል። ይህ ከሁሉ በላይ ረበሻት።

ተመልሳ ሳጅኑን ጠራችው። «ሁለት ነገር ታደርግልኛለህ። ደረሰ የተማረበት የሙያ ኮሌጅ ደውልና የምዝገባ ፎርሙ ላይ የእናቱ ስም ምን እንደሚል ጠይቅ።»

«ኔትወርክ ካለ።»

«ኮረብታው ላይ ወጥተህ ደውል። ከዚያ መጋዘን ያለውን የቅበላ ቆዳ ግቢው ላይ አስነጥፍልኝ።»

«ስንት እንደጎደለ ልንቆጥር ነው?»

«ልናሰጣው ነው።»

«ደመናውን አላዩትም እንዴ?»

«አይቼዋለሁ።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሁሉም ግቢው ውስጥ ነበሩ፤ የአቶ መሳፍንት ልጅ ሃናም ተጠርታ መጥታለች። ቆዳዎቹ መሬት ላይ ተነጥፈዋል። ደረሰ ከሞተር ክፍሉ በር ላይ ቆሟል። መጀመሪያ ጥቂት ነጠብጣብ ወደቀ፤ ከዚያ የእንጅባራ ዝናብ እንደ ልማዱ ሳያስጠነቅቅ ወረደ።

«ቆዳዬ! ጨው ታጠበ ቆዳዬ!» ብለው ጮኹ አቶ መሳፍንት። «ምን ትጠብቃላችሁ!»

ጋሼ ደሴ አንዱን በጭራው እየጎተተ ሮጠ። ሳጅን ምስጋናው በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ከልብሱ አራቀው። እናትነሽ እጇን ብብቷ ሥር እንደያዘች ቆማ ቀረች። አቶ መሳፍንት ራሳቸው አንዱንም አልነኩም።

«ልጄ ደረሰ! አንተ ደግሞ ምን ያስቆምሃል! እርዳ እንጂ!»

አማት የሚሆን ሰው ሲያዝ እምቢ አይባልም። ደረሰ ሮጦ ወጣ፣ ጎንበስ አለ። አንገቱን ወደ ውስጥ አጠፈ፣ ጎንና ጎኑን መሐል አገናኘ፣ ጠቀለለ፣ በኋላ እግሩ ቆዳ ዙሪያውን አዙሮ ሳበ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ዓይኑ ዝናቡን እያየ እጁ ብቻውን ይሠራ ነበር። ሦስቱን በትከሻው ላይ ጥሎ ሊሮጥ ቀና ሲል ሰርክአዲስ ፊት ለፊቱ ቆማ አገኛት። የምታየው ፊቱን አልነበረም፤ እጁን ነው። እሱም ወደ እጁ ተመለከተ።

«ግባ» አለችው በቀስታ። «አትበስብስ።»

መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ሰርክአዲስ ድምጿን ከፍ አድርጋ ጀመረች።

«ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው። እናትነሽ ሰው ገድያለሁ ብላ ልትፈርም ነው። አልገደለችም። ከበሮው ሲነሣ ትዕዛዙ ሞቶ ነበር። ሰውነቱ በእንጨቱ ጥርስ ተልጧል፤ ግን አልደማም። የሞተ ሰው አይደማም። ውሃውም አልቀላም።»

እናትነሽ ቀና አለች።

«ትዕዛዙ ራሱ ገብቶ ቢሆን ሽርጡን ይለብስ ነበር። ያን ደግሞ የምታስርለት እናትነሽ ናት፤ እሷ ደግሞ ሁለት ሰዓት ነው የመጣችው። ሽርጡ ከምስማሩ አልወረደም። እዚያ ያስገባው ሰው የከበሮውን ሞተር ያውቃል፤ የከበሮውን ሰዎች ወግ ግን አያውቅም።»

«መካኒኩ ግን የተጣበቀ ቆዳ…» ብሎ ጀመረ ሳጅኑ።

«በሁዳዴ ምን ቆዳ ይታጠባል? ገዳዩ አደጋ ለማስመሰል ሦስት ቆዳ ከዚህ መጋዘን ወስዶ አብሮ ጨመረ። በጋሪ ቢወስድ ድምፁ ይሰማ ነበር፤ በትከሻው ተሸከመው። እንዲመቸው እያንዳንዱን በራሱ እግር ቋጠረ። ውስጥ ሲጥል ሁለቱን ፈታ፤ ሦስተኛውን በጥድፊያ ረሳው። መሐሉ ያለው ጨው እንኳ አልሟሟም። ትዕዛዙ በሁለት ጣት አይቋጥርም። እናትነሽ ቋጠሮውን አታውቀውም፤ በጋሪ ነው የምትገፋው። ጋሼ ደሴ በጭራ ይጎትታል። አቶ መሳፍንት ደግሞ ቆዳ አይነኩም።»

ሁሉም ወደ ሦስቱ ጥቅሎች ዞሩ። አመል ያወጣል ከመሐል ይላል የአገሬ ሰው። ደረሰ ግን ገና እጅ አልሰጠም።

«ቋጠሮ ነው» አለ ድምፁ እየሻከረ። «ማንም ይቋጥራል። የቆዳ ሰው ቋጠሮ ነው ብሎ የነገርዎት ማነው?»

ሳጅን ምስጋናው እስክሪብቶውን እንደያዘ ጠበቀ።

«አባቴ» አለች ሰርክአዲስ። «አቶ መሳፍንት፣ ጠዋት የማን ልጅ ነሽ ብለውኝ ሸሽቼ ነበር። የዳንግላው ፋቂ የምህረቴ ልጅ ነኝ። ይህን ቋጠሮ የሚቋጥረው ከፋቂ ቤት ያደገ ብቻ ነው። አንድ እጅ ሳይቆሽሽ አምስት ስድስት ቆዳ በትከሻ ለመያዝ ነው። በሕፃንነቱ የለመደው ሰው ሲቸኩል እጁ አይጠይቀውም። የእኔም እጅ ዛሬ ጠዋት ሳይጠይቀኝ ፈታው። ሳጅን፣ አይተሃል።»

«አይቻለሁ» አለ ምስጋናው። ድምፁ ውስጥ ፌዝ አልነበረም። «ኮሌጁም መልስ ሰጥቷል። ፎርሙ ላይ የእናት ስም ዮዲት አይደለም። ሸጋ ኪዳኑ ይላል።»

«ትዕዛዙ ኪዳኑ» አለች ሰርክአዲስ። «ሸጋ ኪዳኑ። እህትና ወንድም። ደረሰ፣ የገደልከው የእናትህን ወንድም ነው። ትልቁን መፍቻ ብቻ ለምን አጠብከው?»

ደረሰ የጨው ክምር ላይ ቁጭ አለ።

«እዚህ እንዳለ ሳላውቅ ነው የተቀጠርኩት» አለ። «አጎቴ እንደሆነ ለማንም እንዳይነግር ለመንኩት፤ ዝም አለ። ስድስት ወር ዝም አለ። ዛሬ ጠዋት ግን ሞተር ክፍል መጣ። ‹እሁድ ስለሚቆጠረው ዘር ላናግርህ› አለኝ። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ሊያጋልጠኝ መሰለኝ። አላስጨረስኩትም… ጀርባውን ሲሰጠኝ…»

«ለምን ጀርባውን ሰጠህ?»

«በሩን ሊዘጋ። ሰው እንዳይሰማን።»

ሰርክአዲስ ላስቲኩን ፈታች። «ከኪሱ ሊያወጣልህ የነበረው ይህንን ነው። ሸጋ። ኪዳኑ…» ሰባቱንም ስም አንድ በአንድ አነበበች። «የእናትህ ሰባት ቤት ነው። እናትህ ስለሞተች የሚቆጥርልህ እንደሌለ ያውቃል። ሽማግሌ ፊት የፈጠራ ስም ስትቆጥር እንዳትሳሳት፣ እንዳትዋረድ፣ ዓርብ ዕለት አጽፎ አመጣልህ። ስም ብቻ ነው ደረሰ። ሙያ አልተጻፈበትም። እሁድ ይህን ብትቆጥር ማንም ምንም አይልህም ነበር።»

«‹አልተጠራሁም፤ ሩቅ ቆሜ እልልታውን እሰማለሁ› ነው ያለኝ» አለች እናትነሽ። የምትወደውን ሰው የገደለውን ትረግማለች ብለው የጠበቁ ነበሩ፤ እሷ ግን ይህን ብቻ ተናገረች።

ደረሰ ወረቀቱን ሊቀበል እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበው። ከዚያ ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፍኖ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«ፋቂ!» አሉ አቶ መሳፍንት ግድግዳውን ተደግፈው። «ልጄን ለፋቂ ልሰጥ ነበር!»

«አባባ፣ ሰው ነው የሞተው!» ብላ ጮኸች ሃና። ወደ ደረሰ ሄዳ ፊቱ ቆመች፤ አልነካችውም። «እኔን እኮ ‹የፋቂ ልጅ ብሆንስ?› ብለህ አልጠየቅከኝም» አለችው። «አንድ ቀን እንኳ። ስድስት ወር ሙሉ አባቴን ፈራህ እንጂ እኔን አልጠየቅከኝም።» ዝናቡን ሳትፈራ ወጥታ ሄደች።

ሳጅኑ ደረሰን በካቴና አሰረው። በእናትነሽ ስም የተጻፈውን ቃልም ከደብተሩ ገነጠለው። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመና «ኢንስፔክተር፣ ከዚህ በፊት በፋቂ የቀለድኩባቸው ቀናት ነበሩ» አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እኔም አብሬህ ስቄያለሁ» አለችው። «ሂድ፣ ልጁን ጣቢያ አስገባው።»

ዝናቡ ሲያባራ የሆስፒታሉ መኪና መጣ። እናትነሽ ብድግ ብላ ወደ ከበሮው በር ሄደች። ያን ቀኑን ሙሉ የደበቀችውን ቀኝ እጇን ከብብቷ አወጣችና ሽርጡን አወረደችው።

«ላስርለት?» አለች። «ዛሬ ሳላስርለት ቀረሁ።»

«ለምርመራ እኮ ነው የሚሄደው» አለ ሾፌሩ።

«ሐኪሙ ይፈታዋል» አለች ሰርክአዲስ። «አሁን ትሰርለት።»

ሁለቱ ሴቶች አጠገቡ ተንበረከኩ። ሰርክአዲስ ከቆዳው ሳትሸሽ ሽርጡን ደረቱ ላይ አስተካክላ፣ ትከሻውን ቀስ አድርጋ ደግፋ ያዘችው። እናትነሽ ማሰሪያውን ከጀርባው አገናኘች። እንደ ወትሮው ‹አጥብቂው› የሚላት ሰው ባይኖርም፣ አጠበቀችው።